በግመል የተጫነው ሠፈር

ልጄ ንጋትወርቅ ወፍ ትቆጥራለች። እንጀራዋ ግን ወፉ አይደለም። ሥራዋ የኃይል አቅርቦት ጥናት ነው፤ መብራት ያልገባለት ሰው የት እንዳለ፣ የገባለትስ ምን እንደሚሠራበት በረሃ ለበረሃ እየዞረች ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ሠመራ ላሉት ቢሮዎች ታቀርባለች። ወፉ የገዛ ራሷ ፍቅር ነው። አባቷ ነፍሱን ይማረውና እዚህ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ፣ እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ከገደሉ አፋፍ ተቀምጣ ስትቆጥር ነው ያደገችው። አንድ ጊዜ አስተማሪዋ ደብተሩን አይቶ የሒሳብ የቤት ሥራ መስሎት አርሞላታል። ከአሥር ስድስት ሰጣት።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ በዚህ ወፍ ነገር ብዙ ተናድጃለሁ። ሦስት ልጅ አሳድጌ ሁለቱ ወልደው ከብደው፣ እሷ በሠላሳ አንድ ዓመቷ የሩቅ ማያ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች።

"ንጋቴ፣ ለዚህ አንገት ሐብል ነበር የሚያምርበት" እላታለሁ።

"ሐብል ሩቅ አያሳይም እማዬ" ትለኛለች።

ምን ይባላል? ወጤን ላማስል እገባለሁ።

አምና የሆነውን ነው የማወራው። ንጋቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሠፈር ስትከታተል ነበር። ሠፈሩ ከአዳይቱ ወጣ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነው። አንድ ድርጅት እዚያ ሶላር ተክሎ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ ተደርድረው ቆመው፣ ከሥራቸው የባትሪ ክፍል፣ አንድ የክትባት ፍሪጅ፣ አንድ ደግሞ በረዶ የሚያደርግ ትልቅ ፍሪጅ። በትልቁ ፍሪጅ የአፋር ሴቶች ወተት ያሳድሩበታል፤ ጠዋት አውጥተው አስፋልቱ ዳር ለተሳፋሪ ይሸጣሉ። የሴቶቹ አለቃ ሐያት ትባላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትስቅ ሰፈር የምታስነሳ። የፍሪጁ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው፤ ስትተኛም አታወልቀውም ይላሉ።

ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ፈትቼ "እስቲ የምትደክሚበትን ቦታ አሳይኝ" አልኳትና አብሬያት ሄድኩ። ስንደርስ ሰው የለም። ሰው ብቻ ሳይሆን ቤት የለም። ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ፣ የበረደ አመድ፣ የፍየል በጠጥ። ሶላሩ ብቻውን ቆሟል፤ በተቆለፈው የባትሪ ክፍል ውስጥ ፍሪጁ ለራሱ ያጉረመርማል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቡልጋ ነው። በኛ አገር ሰው ቢሰደድ እንኳ ግድግዳው ይቀራል። ደረቴን መታሁ።

"ልጄን! ሰዎቹ ጠፍተውብሻል!"

ሳቀች። "አልጠፉም እማዬ። ክረምት ነው። ሣሩ ሜዳው ላይ ወጣ፣ እነሱም ተከትለውት ወጡ። ቤታቸውን ደግሞ ጭነውት ነው የሚሄዱት። እንጨቱንም ሰሌኑንም ግመል ላይ ነው።"

"ቤት በግመል?"

"ቤት በግመል። ጥቅምት ላይ ይመለሳሉ።"

እኔ እናቷ ነኝና ደረቴን መትቼ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ አበቃ። ድርጅቱ የላከው ቆጣሪ ግን በዚያው ወር ሄዶ፣ ያንኑ ድንጋይ አይቶ፣ እንደኔው ደጋ ተወልዶ ያደገ ኖሮ ወረቀቱ ላይ "ሠፈሩ የለም። ተጠቃሚ የለም።" ብሎ ጻፈ። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሶላሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከል ተባለ።

ንጋቴ ይህን የሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። ስለ ሥራዋ መስሎኝ ነበር። "ሐያት ምን ትላለች እማዬ?" አለችኝ። "ሁለት ዓመት አብሬያት ተቀምጬ ቤቷን ስጠይቃት ኖሬ፣ ስትመለስ ባዶ ጉድጓድ ታግኝ?"

ከግሸን ማርያም ማግስት ሠመራ ስብሰባ ተጠራ። ብቻዋን አልሰዳትም ብዬ ድርቆሼን ቋጥሬ ተከተልኳት። አዳራሹ ኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ቁጭ አልኩ። አንዲት ልጅ የስም መዝገብ ይዛ መጣች።

"እማማ፣ ከየት መሥሪያ ቤት ነው?"

"ከምሳ ቤት።"

"እ?"

"አዋሽ ምሳ ቤት አለኝ። ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት "ምሳ ቤት፣ አዋሽ" ብላ ጽፋ አስፈረመችኝ። አበልም ሊሰጡኝ ነበር፤ እንቢ አልኩ።

ሰብሳቢው ሶላሩን የተከለው ድርጅት ኃላፊ ነው፤ አቶ ተክለ ማርያም ይባላል። ጠይም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ክፉ ሰው አይመስልም፤ ቸኩሎ የተወለደ ነው የሚመስለው። ግድግዳው ላይ የዚያን ባዶ ሠፈር ፎቶ አበራበት።

"ወይዘሪት ንጋትወርቅ፣ ይኸው። አንድ ቤት አሳዪኝ።"

"ነሐሴ ላይ አንድም የለም" አለች ልጄ። "ከጥቅምት እስከ ሰኔ ግን አርባ ስድስት ቤት አለ። የሁለት ዓመት ደብተሬ ይኸው።"

"ደብተሩን የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ወፍም ትቆጥሪያለሽ አሉ።"

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ያን ሁሉ ዓመት እኔው ስስቅባት ኖሬ፣ ሌላ ሰው ሲስቅባት ግን ጫማዬን አውልቄ ልወረውር ምንም አልቀረኝም።

ንጋቴ አልተቆጣችም። "አዎ እቆጥራለሁ" አለች። "በአንድ ቀን የተቆጠረ ነገር የማላምነውም ለዚያ ነው። አዋሽ ገደሉ ላይ ንብ የምትበላ ቀይ ወፍ አለች። ጎጆዋ በአፈሩ ውስጥ የተማሰ ጉድጓድ ነው። ትታው የምትሄድበት ወር አለ። ያን ጊዜ ጉድጓዱን አይቼ ወፏ የለችም ብዬ ብጽፍ፣ ወፏ ሳትሆን እኔ ነኝ የሌለሁት።"

ሳቁ ቆመ። አቶ ተክለ ማርያም ብዕሩን አንዴ ከፈተ፣ አንዴ ዘጋ።

"መልካም። መኪናውን ለጥቅምት አምስት አዝዣለሁ። በዚያ ቀን እኔ ራሴ እገኛለሁ። ሠፈሩ ካለ ይቆያል። ከሌለ ይነቀላል። ከዚህ በላይ አልችልም።"

ጥቅምት አምስት አቦ ነው። በልቤ "አባቴ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ የበረሃው አባት፣ ይኼ የርስዎ ጉዳይ ነው" አልኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ የአዳይቱ ሾፌር ደወለላት። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ሣሩ ገና አላለቀም፤ ሰዎቹ እስከ ኅዳር ላይመለሱ ይችላሉ አላት። ስልኩን ዘግታ በመስኮት ማየት ጀመረች።

"ታዲያ ጥሪያቸዋ!" አልኳት። "ኔትወርክ ባይኖር ሰው ላኪባቸው። ኑ በያቸው!"

"አይሆንም እማዬ።"

"ለምን?"

"ወፍ ቆጣሪ ድንጋይ ወርውሮ ወፍ አያስነሳም። እኔ ጠርቼ ባመጣቸው ምን ቆጠርኩ ይባላል? ራሴ ያመጣሁትን? ያ ውሸት ነው።"

"ሶላሩ ሊሄድ ነው እኮ!"

"አውቃለሁ።"

ግትርነቷ የአባቷ ነው። እውነተኛነቷም የአባቷ ነው፤ ይህን እንኳ አልነፍገውም።

ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተሳልኩ። ወርቃማ ዘርፍ ያለው።

ጽጌ ጾም የገባ ዕለት አፋሩ ወዳጄ ኡበይዳ መጣ። ኡበይዳ ፍየል ሊሸጥ አዋሽ ሲወርድ እኔ ዘንድ ጎራ ሳይል አያልፍም። ሃያ ምናምን ዓመት እንተዋወቃለን። ከኔ ሻይ ብቻ ይጠጣል፣ ምግቡን ከወገኖቹ ዘንድ ይበላል፤ እኔም አልቀየምም፣ እሱም አያፍርም። ዱላውን አስደግፎ ተቀመጠ።

"አሰፋሽ፣ ዳጉ አለሽ?"

ዳጉ ማለት የአፋር ወሬ ነው፤ ግን እንደኛ ወሬ አይደለም። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሳይቀመጡ፣ በደንብ ሳይጠያየቁ አይተላለፉም። ያየኸውን ትናገራለህ፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ። መጨመር የለም፣ መደበቅም የለም። የነገርከው ሰው ደግሞ ላገኘው ሁሉ እንዲሁ ይናገራል። ዋሽቶ የተገኘ ሰው ዳግመኛ አይሰማም።

እኔ ሌላ ጊዜ ሥራ ላይ ስለሆንኩ "ደህና ነው ደህና ነው" ብዬ ነበር የማልፈው። ያን ዕለት ግን ሽሮዬን እሳት ላይ ትቼ ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። ሲገባው ሻዩን አስቀመጠ። በወጉ ጀመርኩ። ስለ ጤና ነገርኩት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ የትኛው ድልድይ እንደተጎዳ። ከዚያ፦

"ሠመራ ሄጄ ነበር። አዳይቱ ያለውን ሶላር ሊነቅሉት ነው።"

"ማን አለ?"

"ሰብሳቢያቸው፣ ተክለ ማርያም የሚባል።"

"ከማን ሰማሽ?"

"ከሌላ አልሰማሁም። እዚያው ነበርኩ። በዚህ ጆሮዬ።"

"ለምን ይነቅላል?"

"ነሐሴ ላይ ቤት አላየንም፣ ሠፈሩ የለም ብለው ጻፉ።"

"ሠፈሩ የለም" አለ ኡበይዳ፣ ቃሉን እንደ ድንጋይ እያገላበጠ። "መቼ?"

"ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። በዚያ ቀን ቤት ካለ ይቆያል፣ ከሌለ ይነቀላል። ያለው ይኼን ነው።"

"ኑ በላቸው ብለሻል?"

ማለት ፈልጌ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። የልጄ ፊት መጣብኝ።

"አላልኩም" አልኩ። "የሰማሁትን ነገርኩህ። ሌላ የለኝም።"

ሻዩን ጨለጠ፣ ዱላውን አነሳ። ሽሮዬ አርሮ ነበር፤ ምሳ ሊበሉ የገቡ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ ሲተርቡኝ ዋሉ።

ጥቅምት አምስት ማለዳ አዳይቱ ነበርን። አቦን ያህል በዓል ሳልሳለም መውጣቴ ነው፤ ጸሎቴን መንገድ ላይ አደረስኩ። ክሬን ያለው አይሱዙ ቆሟል። አራት ሠራተኞች የብሎን መፍቻቸውን ዘርግተዋል። አቶ ተክለ ማርያም ኮፍያ አድርጎ ሰዓቱን ያያል። ሜዳው ባዶ ነው። ያው ድንጋይ፣ ያው አመድ። ፍሪጁ ያጉረመርማል።

"እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ" አለ። "ለርስዎ ስል ነው እማማ፣ ፀሐዩ ሳይበረታብዎ እንድንመለስ።"

"ለኔ ብለህ ከሆነ እስከ ማታ ጠብቅ" አልኩት።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል። ንጋቴ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ መነጽሩን እንኳ አላነሳችም። ማየት ፈርታ ነው። እኔ ከአንገቷ አወለቅኩትና ዓይኔ ላይ አደረግኩ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁት።

"ይቺን አዙሪያት እማዬ" አለች።

አዞርኩ። ሜዳው ተጠርጎ ወደኔ መጣ። ግራር። ሌላ ግራር። አቧራ።

"አቧራ አለ" አልኩ።

"ንፋስ ነው።"

"ንፋስ አንገት የለውም!"

ግመል ነው! አንገቱ ረጅም፣ ጀርባው ላይ የጎበጠ እንጨት እንደ ጎድን አጥንት ተደርድሮ፣ ከላይ ሰሌን ተጠቅልሎ። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ሌላ። ሴቶቹ ከፊት እየሳቡ፣ ፍየሉ ከኋላ። እልልታዬን ለቀቅኩት። አንዱ ሠራተኛ መፍቻውን እግሩ ላይ ጣለ።

"ቁጠሪ እማዬ!" ንጋቴ ተነስታለች። "እንጨት የጫነውን ብቻ ቁጠሪ፣ አንዱ እንጨት አንድ ቤት ነው!"

ቆጠርኩ። ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ዓመት የናቅኩትን ሥራ እንባዬ መስታወቱን እያበላሸብኝ ሠራሁት። አርባ አምስት።

ሐያት ከሁሉ ፊት ነበረች። ለሰላምታ አልቆመችም፤ ቀጥ ብላ አቶ ተክለ ማርያም ፊት ሄዳ ቆመች።

"የለም የተባልነው እኛ ነን" አለችው።

እሱም ደንግጧል፣ ግን ሥራው ነው። ወደ ንጋቴ ዞረ። "አንቺ ነሽ የጠራሻቸው?"

"አልጠራሁም።"

"ታዲያ ቀኑን ማን ነገራቸው?"

ንጋቴ ወደኔ ዞር አለች። ወዲያው ነው ያወቀችብኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ለኡበይዳ ነገርኩት። አንተ ያልከውን፣ ምንም ሳልጨምር። ኑ አላልኩም።"

"ይኸውልሽ!" አለ ለንጋቴ። "ወሬ ሰምተው ለዛሬ ብቻ የመጡ ናቸው። ነገ ተመልሰው ይሄዳሉ። ይኼ ቆጠራ አይደለም።"

ንጋቴ የፈራችው ይሄንኑ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሐያት ግን ሳቀች። ያ ሳቋ!

"ዋላሂ፣ ለአንድ ቀን የሚመጣ ሰው ቤቱን ይጭናል? አንተ ዛሬ ስትመጣ ቤትህን ይዘህ መጣህ?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወደተቆለፈው ክፍል ሄደች። ተከተልናት። ትልቁን ፍሪጅ ከፈተች። የሚወጣው ቅዝቃዜ ፊታችንን መታን።

ውስጡ ሃይላንድ ብቻ ነው። በውሃ የተሞላ፣ ድንጋይ የሆነ ሃይላንድ፣ እላይ እላዩ ተደርድሮ። እያንዳንዱ አንገቱ ላይ ክር ታስሮበታል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሁለት ቋጠሮ፣ ሦስት ቋጠሮ።

"ሐምሌ ላይ ስንወጣ ሞላን" አለች ሐያት። "አንድ ቤት አንድ ሃይላንድ። ክሩ የየቤቱ ምልክት ነው። የተመለስን ቀን መጀመሪያ የምንጠጣው ይኼን ነው። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ሴቶቹ ወደዱት። አሁን ንገረኝ፤ የማይመለስ ሰው ውሃውን በረዶ አድርጎ ቆልፎ ይሄዳል? ያንተ ቆጣሪ በሩን አንኳኩቶ ነበር?"

ንጋቴ ይህን አታውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ስትቆጥራቸው እነሱም ራሳቸውን ቆጥረው አስቀምጠው ኖረዋል። አቶ ተክለ ማርያም ጎንበስ ብሎ አንድ ባንድ ቆጠረ። ጣቱ በበረዶው ቀላ። ሁለቴ ቆጠረ።

"አርባ ስድስት" አለ፤ ንጋቴን አያት። "ደብተርሽ ስንት ነበር ያለው?"

"አርባ ስድስት።"

"ዛሬ የገባው ግን አርባ አምስት ቤት ነው። አንድ ይጎድላል።"

"ሐሊማ ናት" አለች ሐያት። "ሜዳው ላይ ወልዳ ቀስ እያለች ነው። ነገ ትገባለች ኢንሻአላህ። አንድ ሆና ሄዳ ሁለት ሆና መምጣቷን ጻፍ!"

ያን ጊዜ ሰውዬው ሳቀ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ እስኪያስለው። ኪሱ ውስጥ ያጠፈውን ወረቀት አወጣና ፍሪጁ ክዳን ላይ ዘርግቶ "ሠፈሩ የለም" የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰረዘው። ከሥሩ ጽፎ ጮክ ብሎ አነበበልን፦ "አርባ ስድስት ቤት አለ። በክረምት አብሯቸው ይሄዳል። አይነቀል።" ፈረመበት።

እልልታው ግመሎቹን አስደነበረ።

"አንድ ነገር ቀረኝ" አለች ሐያት። "ቤታችን በግመል ይጫናል። ያንተ መብራት ለምን አይጫንም? ክረምቱን ሦስት ወር በጨለማ ነው የምንከርመው።"

አቶ ተክለ ማርያም ወደ ሰሌዳዎቹ ቀና ብሎ ተመለከተ። ንጋቴ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ መጻፍ ጀምራለች፤ የሰሌዳው ክብደት፣ ግመል ስንት እንደሚችል፣ የትኛው ጎን እንደሚታሰር። በጥር ወር ስድስት ግመል ላይ የሚጫን ትንንሽ ሶላር ለሙከራ ተሰጣቸው፤ ጥናቱን የመራችው ልጄ ናት። ጃንጥላውንም ያኔውኑ ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አስገባሁ።

ያን ቀን ግን ገና ነበር። ሴቶቹ ግመሎቹን አንበርክከው እንጨቱን እያወረዱ፣ በየድንጋዩ ክብ ላይ ቤት መቆም ጀመረ። ብሎን ሊፈቱ የመጡት አራቱ ሠራተኞች ሰሌን ወጣሪ ሆኑ። አንዱ አገጣጥሞ ሲጨርስ ሴቶቹ አዩና ሙሉውን አፈረሱበት፤ በሩን በንፋሱ በኩል አድርጎት ኖሯል።

ሐያት በቅል ወተት ይዛ ወደኔ መጣች። እጇን አየሁ፣ ወተቱን አየሁ፣ ጽጌ ጾም ነኝ፣ እንቢ ብላትስ ምን ትላለች ብዬ ተጨነቅኩ።

"አውቃለሁ ጾምሽን" አለችና ቅሉን ለንጋቴ ሰጠች። ለኔ የራሷን ሃይላንድ አመጣችልኝ፣ ቀይ ክር ያለውን። "ውሃ ጾም የለውም አይደል?"

"የለውም" አልኩና ጠጣሁ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ አቧራ፣ እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ።

ማታ አዋሽ ገብቼ ነጠላዬን ሳወልቅ ነው አንገቴ ላይ የከበደኝን ያየሁት። ንጋቴ እዚያው አዳይቱ ስታድር መነጽሩን ሳልመልስላት መጥቻለሁ። ደወልኩላት።

"ይኑር እማዬ" አለች። "ለዚያ አንገት ያምርበታል።"